የሒሳብ ማክሮ በሚሠራበት ጊዜ የሥራውን እርምጃ ለጠባቂው ስለ ማስታወቅ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፤ ለባለ እርሻዎችና ለወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

ሥራን ማዘዝ አንድ ነገር ነው፤ የታዘዘው ሥራ ከምን እንደ ደረሰ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በቀድሞ ዘመን አንድ ሹም መልእክተኛውን በበቅሎ ወደ ሩቅ አገር በላከ ጊዜ፤ መልእክተኛው ከየማደሪያው ቃል ቢልክለት የሹሙ ልብ ያርፍ ነበር። ቃሉ የቀረበት እንደ ሆነ ግን ወንዝ ሞልቶበት ይሆን፤ ሽፍታ አግኝቶት ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ በመጨረሻም ትዕግሥቱ አልቆ ሁለተኛ መልእክተኛ ይልካል። ሁለቱም መልእክተኞች በደኅና የደረሱ እንደ ሆነ ያው አንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ግብሩም ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ እህሉም ሁለት ጊዜ ይጫናል። ይህ ሁሉ ጥፋት የመጣው መልእክተኛው ሥራውን ስላልሠራ አይደለም፤ እየሠራ መሆኑን ስላልተናገረ ነው እንጂ።

ወፍጮ ቤት ተራውን የሚጠብቅ ሰውም እንደዚሁ ነው። ድንጋዩ ሲዞር ድምፁን እየሰማ፤ ዱቄቱም ሲወርድ እያየ፤ ግማሽ ቀን ቢሆን እንኳ ሳይሰለች ይቀመጣል። ድምፁ በድንገት ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ወፍጮው ተሰበረ ብሎ እህሉን አሸክሞ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል። በዛሬ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የገባው ኮምፒዩተር ድምፅ የሌለው ወፍጮ ነው። ውስጡ ምን ያህል እንደ ፈጨ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ እየፈጨ መሆኑን የሚነግር ቃል አስቀድሞ ካልተሰናዳለት በቀር፤ የሚጠብቀው ጸሓፊ ተሰበረ ብሎ ሥራውን ከመካከል ያቋርጠዋል። ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ያ ቃል እንዴት እንደሚሰናዳ ነው።

1ኛ፤ ማክሮ ምን እንደ ሆነ

የሒሳብ ሠንጠረዥ ማለት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ በረድፍና በዓምድ የተከፈለ ሰፊ መዝገብ ነው። ለግል ኮምፒዩተር ከተሠሩት የመጀመሪያው የታወቀ የሒሳብ ሠንጠረዥ ቪዚካልክ የሚባለው ሲሆን፤ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሠርተውት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1979 ዓመት ለገበያ ወጣ። ከዚያም በኋላ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ1985 ኤክሴል የሚባለውን አወጣ፤ ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ይኸው ነው። እስከ 2003 እትም ድረስ ኤክሴል በአንድ ገጽ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነበር፤ ከ2007 እትም ጀምሮ ግን 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። መዝገቡ እንዲህ በሰፋ መጠን በርሱ ላይ የሚሠራው ሥራም ረዘመ፤ ሥራው በረዘመ መጠንም የጠባቂው ቆይታ አብሮ ረዘመ።

ማክሮ ማለት ደግሞ ጸሓፊው በእጁ እየደጋገመ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ በተራ እንዲፈጽመው አስቀድሞ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። በኤክሴል ውስጥ ትእዛዙ የሚጻፍበት ቋንቋ ቪዥዋል ቤዚክ ፎር አፕሊኬሽንስ፤ ባጭሩ ቪ ቢ ኤ ይባላል፤ የገባውም በ1993 በወጣው በ5ኛው እትም ነው። የዚህ ቋንቋ ጠባይ አንዱን ትእዛዝ ከፈጸመ በኋላ ወደ ሚቀጥለው መሄድ ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ረዥም ሥራ በያዘ ጊዜ፤ ተናገር ተብሎ ካልታዘዘ በቀር፤ ስለ ራሱ አንዳች ቃል አይናገርም። ዝም ማለቱም ሥራ ስለ ፈታ አይደለም፤ ሥራ ስለ በዛበት ነው እንጂ።

2ኛ፤ ከዝምታ የሚመጣው ጥፋት

ነገሩ እንዲገባ 32 ቀበሌዎች ያሉበት አንድ ወረዳ ይታሰብ። በያንዳንዱ ቀበሌ 1,500 ገበሬዎች ለመጪው ክረምት የሚፈልጉትን ማዳበሪያ፤ ማለት ኤን ፒ ኤስና ዩሪያ፤ አስመዝግበዋል። የሁሉም ስም በአንድነት 48,000 ረድፍ ይሆናል። የወረዳው የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ አንድ ማክሮ አለው፤ ይህም ማክሮ የ32ቱን ቀበሌዎች መዝገብ በተራ እየከፈተ በአንድ ማጠቃለያ ገጽ ላይ እያከታተለ ይጽፋል፤ አንዱን ቀበሌ በፈጸመ ቍጥርም የጻፈውን ያስቀምጣል። ሥራው በጠቅላላው 12 ደቂቃ ይፈጃል። ማክሮው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ የሚሠራ ነው።

ጸሓፊው ሥራውን አስጀምሮ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ መስኮቱ ነጣ፤ ቢነካውም አይመልስም። በአራተኛው ደቂቃ ግድም ኮምፒዩተሩ ሞተ ብሎ ማጥፊያውን ይጫናል። በዚያች ሰዓት ግን 10 ቀበሌዎች ተጽፈው ተቀምጠው ነበር፤ 11ኛውም በመጻፍ ላይ ነበረ። ጸሓፊው ይህን አላወቀም፤ የሚያውቅበትም መንገድ አልተሰጠውም። እንደ ገና አብርቶ ማክሮውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ ማክሮውም እንደ ታዘዘው 32ቱን ቀበሌዎች ከፊተኞቹ ከ10ሩ በታች አያይዞ ይጽፋቸዋል። እነሆ 48,000 የነበረው ረድፍ 63,000 ሆነ።

ከመጠን በላይ የተጻፉት 15,000 ረድፎች እያንዳንዳቸው የአንድ ኩንታል ጥያቄ ቢሆኑ፤ 15,000 ኩንታል ማዳበሪያ ያለ ባለቤት ተጠየቀ ማለት ነው። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን፤ ይህ የ37 መኪና ሙሉ ጭነትና የአንድ መኪና ግማሽ ጭነት ነው። ማዳበሪያው በመርከብ እስከ ጅቡቲ መጥቶ ከዚያ ወደ መሀል አገር የሚጓጓዝ ነውና፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ፤ ኪራይም የተከፈለበት ነው። ወደዚህ ወረዳ ያለ አገባብ የመጣው ከሌላ ወረዳ የጐደለ ነው።

ወይም ነገሩ በሌላ መንገድ ይሁን። ጸሓፊው ካቋረጠ በኋላ በማጠቃለያው ገጽ ላይ ብዙ ስም ተጽፎ ቢያይ፤ ሥራው ተፈጽሟል ብሎ ያንኑ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ቢልከው፤ የ22 ቀበሌዎች ሰዎች፤ ማለት 33,000 ገበሬዎች፤ ከመዝገቡ ቀሩ። ስሕተቱ የሚገለጠው በዘር ጊዜ፤ ገበሬው ጆንያውን ይዞ ወደ ማኅበሩ መጋዘን በመጣ ቀን ነው። ዝናም የጸሓፊን ስሕተት እስኪያርሙ አይጠብቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ያፈሰሰው ጸሓፊው ሲሆን የሚለቅመው ገበሬው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፤ ፈጥኖ በጸሓፊው ላይ መፍረድ አይገባም። የማያየውን ሥራ በትዕግሥት ጠብቅ ተብሎ የታዘዘ ሰው ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይደንቅም። ይልቁንስ ማክሮውን የጻፈው ሰው ሁለት ነገር አጐደለ፤ አንደኛ፤ ሥራው ከምን እንደ ደረሰ እንዲናገር አላደረገውም፤ ሁለተኛ፤ ከመካከል ተቋርጦ እንደ ገና በተጀመረ ጊዜ የተጻፈውን ሁለተኛ እንዳይጽፍ አልከለከለውም።

3ኛ፤ ስለ ሰው ትዕግሥት የተመረመረው

የሰው ልብ ምን ያህል እንደሚታገሥ ሊቃውንት መርምረውታል። ሮበርት ሚለር የተባለ አሜሪካዊ በ1968 ሰውና ኮምፒዩተር በሚነጋገሩበት ጊዜ መልሱ በምን ያህል ፍጥነት ሊመጣ እንደሚገባው ጻፈ። በ1993 ደግሞ ያኮብ ኒልሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ነገሩን በሦስት ልክ አጠቃለለው። መልሱ ከአንድ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ በማይበልጥ ጊዜ ቢመጣ ሰው ወዲያው እንደ ተመለሰለት ይቈጥረዋል፤ እስከ 1 ሴኮንድ ቢቈይ መቈየቱን ያውቃል እንጂ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ 10 ሴኮንድ ከሆነ ግን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ስለዚህ ከ10 ሴኮንድ በላይ ለሚቈይ ሥራ ሁሉ፤ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ተፈጸመ የሚያሳይ ምልክት ሊደረግለት ይገባል።

ብራድ ማየርስ የተባለው ሊቅ ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፤ እየሞላ የሚሄድ የእርምጃ ምልክት ለሠራተኛው የሚሰጠውን ጥቅም መርምሮ በ1985 አስታወቀ፤ ሰዎችም ምልክት ካለው ጋራ መሥራትን እንደሚመርጡ ተገኘ። ጥቅሙም ሦስት ነው። መጀመሪያ፤ ሥራው እንዳልቆመ ያረጋግጣል። ሁለተኛ፤ ገና ብዙ ጊዜ የሚቀር እንደ ሆነ ጠባቂው ሌላ ጕዳይ እንዲፈጽም ያስችለዋል። ሦስተኛ፤ ሥራው በእውነት የቆመ እንደ ሆነ በየትኛው ስፍራ እንደ ቆመ ያሳያል። ይህ ሦስተኛው ጥቅም በብዙዎች ዘንድ የተዘነጋ ነው፤ ይሁን እንጂ «ከ32 ቀበሌ በ11ኛው ላይ» የሚል ቃል በመስኮቱ ላይ የቆመ እንደ ሆነ፤ የተበላሸው የ11ኛው ቀበሌ መዝገብ መሆኑን ሁሉ ሰው ያውቃል።

4ኛ፤ ቀላሉ መንገድ፤ ስታተስ ባር

በኤክሴል መስኮት ግርጌ ስታተስ ባር የሚባል ጠባብ መስመር አለ። ማክሮ በዚህ መስመር ላይ የፈለገውን ቃል ሊጽፍበት ይችላል፤ ትእዛዙም አንድ መስመር ብቻ ነው። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፤ በዚህ ትምህርት ግን በድምፃቸው በአገራችን ፊደል ተጽፈዋል። «አፕሊኬሽን» ተብሎ፤ ነጥብ ተደርጎ፤ «ስታተስባር» ተጽፎ፤ ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ የሚፈለገው ቃል ይከተላል።

የሚጻፈው ቃልም ሊታሰብበት ይገባል። «እባክዎ ይጠብቁ» ማለት ብቻ ትሕትና ነው እንጂ ወሬ አይደለም፤ ሥራው ቢቆምም ቃሉ እንዳለ ይኖራልና። «በመሥራት ላይ ነው» ማለትም እንደዚሁ ነው። መልካም ቃል ሦስት ነገር ይዟል፤ ምን እንደሚሠራ፤ ስንቱ እንደ ተፈጸመ፤ ከስንት። «የማዳበሪያ ጥያቄ በማጠቃለል ላይ፤ ከ32 ቀበሌ 10ሩ ተፈጽሟል፤ ከመቶ 31» የሚለው ቃል ለጠባቂው ይበቃዋል። ቍጥር ማንበብ ለሚያስቸግረው ሰው 10 ትንንሽ አራት ማዕዘን ምልክቶች በተራ ተደርገው፤ ከነዚያ ውስጥ 3ቱ የጠቈሩ፤ 7ቱ ባዶ ሆነው ቢታዩ መልካም ነው።

ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ስታተስ ባሩን ወደ ኤክሴል መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም «ፎልስ» የሚለውን ዋጋ በመስጠት ይሆናል። ብዙ ሰዎች ባዶ ቃል በመጻፍ የመለሱት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ባዶ ቃልም ያው ቃል ነውና መስመሩ ባዶውን ይቀራል፤ ኤክሴልም የራሱን ማስታወቂያ ሊጽፍበት አይችልም።

በዚህ ስፍራ አንድ የተለመደ ስሕተት ይነገራል። አንዳንዶች እርምጃውን ለመንገር ሜሴጅ ቦክስ የሚባለውን ትንሽ የማስታወቂያ ሳጥን ያወጣሉ። ይህ ሳጥን ግን «እሺ» የሚለው ቍልፍ እስኪጫን ድረስ ማክሮውን አስቁሞ የሚቆይ ነው። ጸሓፊው ሥራውን አስጀምሮ ምሳ በልቶ ቢመለስ፤ አንደኛው ቀበሌ ብቻ ተፈጽሞ ሳጥኑ እሺታውን ሲጠብቅ ያገኘዋል። ሜሴጅ ቦክስ የሚገባው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ብቻ ነው፤ ከመጀመር አስቀድሞ ፈቃድ ለመጠየቅ፤ ከተፈጸመ በኋላም ውጤቱን ለመንገር።

5ኛ፤ ቃሉ በየስንት ጊዜ ሊነገር እንደሚገባ

ዝምታ ጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ ልፍለፋም ጥፋት ነው። ቃል በተጻፈ ቍጥር ኮምፒዩተሩ መስመሩን እንደ ገና ይሥለዋል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። በ48,000 ረድፎች ላይ በየረድፉ ቃል ቢነገር 48,000 ጊዜ ተነገረ ማለት ነው፤ የሰው ዓይንም ያን ሁሉ ሊያነብ አይችልም። በየ500 ረድፍ ቢነገር ግን 96 ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ለጠባቂው ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ «ሞድ» የሚባል የሒሳብ ትእዛዝ አለ፤ የረድፉ ቍጥር ለ500 ተካፍሎ ትራፊ ያልቀረው እንደ ሆነ ቃሉ ይነገራል፤ ትራፊ የቀረው እንደ ሆነ ዝም ይባላል።

ረድፎቹ በሥራ ብዛት የማይመሳሰሉ እንደ ሆነ ግን በጊዜ መለካት ይሻላል። «ታይመር» የሚባለው ትእዛዝ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ይናገራል፤ ካለፈው ቃል ወዲህ ግማሽ ሴኮንድ ወይም አንድ ሴኮንድ በሞላ ጊዜ አዲስ ቃል ይነገራል። በሌሊት የሚሠራ ማክሮ ቢሆን ግን ይህ ቍጥር በእኩለ ሌሊት ወደ ባዶ እንደሚመለስ መታወቅ አለበት፤ ይህን ያልጠበቀ ማክሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዝም ይላል።

ማክሮ በሚሠራበት ጊዜ የመስኮቱ ሥዕል በየረድፉ እንዳይለዋወጥ «ስክሪን አፕዴቲንግ» የሚባለውን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ሥራውንም እጅግ ያፈጥነዋል። እርሱ ተዘግቶም ቢሆን ስታተስ ባር መናገሩን አይተውም። ስለዚህ ሥዕሉን ዘግቶ ቃሉን መክፈት ከሁሉ የተሻለ አሠራር ነው።

6ኛ፤ መስኮቱ ስለሚነጣበት ምክንያትና ስለ ዱ ኢቨንትስ

ዊንዶውስ የሚባለው የኮምፒዩተሩ አዛዥ፤ አንድ ፕሮግራም ለ5 ሴኮንድ ያህል መልእክት ሳይቀበል የቈየ እንደ ሆነ፤ መስኮቱን አንጥቶ በራስጌው «አይመልስም» የሚል ቃል ይጽፍበታል። ብዙ ሰዎች ይህን ቃል እንደ መርዶ ይቈጥሩታል። እውነተኛው ትርጕም ግን ፕሮግራሙ ለጊዜው በር አልከፈተም ማለት ብቻ ነው፤ ከውስጥ ሞቶም ይሆናል፤ ሥራ በዝቶበትም ይሆናል። መስኮቱ በነጣ ጊዜ በስታተስ ባር የሚጻፈውም ቃል ሳይታይ ይቀራል።

መድኃኒቱ «ዱ ኢቨንትስ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ማክሮው ለአንዲት ቅጽበት ሥራውን አቁሞ የመጡትን መልእክቶች እንዲቀበል፤ መስኮቱም እንዲታደስ ያደርጋል። በየረድፉ ቢደረግ ሥራውን ያዘገያልና፤ ቃሉ በሚነገርበት ጊዜ ብቻ አብሮ ይደረግ።

ሆኖም በር ሲከፈት እንግዳም ሊገባ፤ ሌባም ሊገባ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ጸሓፊው የማስጀመሪያውን ቍልፍ ሁለተኛ ቢጫን፤ ማክሮው በራሱ ሆድ ውስጥ እንደ ገና ይጀምራል። በገጹም ላይ ቍጥር ቢለውጥ ድምሩ ይዛባል። ስለዚህ ማክሮው ገና ሲጀምር «ተይዟል» የሚል ምልክት ለራሱ ያድርግ፤ ምልክቱ ሳለ ሁለተኛ የተጀመረ እንደ ሆነ ወዲያው ይመለስ። «ኢንተርአክቲቭ» የሚባለውን መዝጋትም የቍልፍ ሰሌዳውንና የማውሱን መንገድ ይዘጋል፤ ነገር ግን በመጨረሻ መክፈቱ ከተረሳ ኤክሴል እንደ ተቈለፈ ቤት ይሆናልና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

7ኛ፤ እየሞላ ስለሚሄድ መስመርና ስለ እውነተኛነቱ

ከስታተስ ባር ይልቅ ጐልቶ የሚታይ ነገር ለሚሻ፤ ዩዘርፎርም የሚባል ትንሽ መስኮት ሠርቶ በውስጡ እየረዘመ የሚሄድ ቀለም ያለው መስመር ማድረግ ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወርዱ 200 ነጥብ የሆነ ባዶ ክፈፍ ይደረግና በውስጡ ቀለም ያለው ሌብል ይቀመጣል። የሌብሉ ወርድ የተፈጸመው ለጠቅላላው ተካፍሎ በ200 ይባዛል፤ ከ32 ቀበሌ 8ቱ የተፈጸሙ እንደ ሆነ ወርዱ 50 ነጥብ ነው። ከዚያም «ሪፔይንት» ተብሎ ይታደሳል። መስኮቱ ሲከፈት «ቪ ቢ ሞድለስ» በሚባለው ዓይነት ይከፈት፤ አለዚያ እስኪዘጋ ድረስ ማክሮውን ያስቆመዋል።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የሚበልጠው እውነተኛነት ነው። ሥራው ሦስት ክፍል ቢኖረው፤ መክፈቱ 2 ደቂቃ፤ መደመሩ 9 ደቂቃ፤ ማተሙ 1 ደቂቃ ቢፈጅ፤ ለያንዳንዱ ክፍል ሲሶ ሲሶ መስጠት ሐሰት ነው። መስመሩ በ2 ደቂቃ ሲሶውን ሮጦ ከዚያ በኋላ እንደ ደከመ በቅሎ ይቆማል፤ ጠባቂውም ዳግመኛ ተጠራጥሮ ያቋርጠዋል። የሚገባው በጊዜው ልክ ከመቶ 17፣ 75 እና 8 መስጠት ነው። ቀበሌዎቹም በሕዝብ ብዛት የማይተካከሉ እንደ ሆነ በቀበሌ ሳይሆን በረድፍ ይቈጠር፤ 4,000 ገበሬ ያለበትና 300 ገበሬ ያለበት ቀበሌ አንድ እርምጃ አይደሉምና። ጠቅላላው ቍጥር ካልታወቀ መጀመሪያ ይቈጠር፤ ሊቈጠር የማይችል ከሆነ ደግሞ ከመቶ ማለት ቀርቶ «እስካሁን 6,500 ረድፍ ተጽፏል» ማለት ይሻላል።

የቀረውን ጊዜ ማስላትም ቀላል ነው። ያለፈው ጊዜ በቀረው ረድፍ ተባዝቶ ለተፈጸመው ረድፍ ይካፈላል። ከ48,000 ረድፍ 16,000 በ240 ሴኮንድ የተፈጸመ እንደ ሆነ፤ የቀረው 32,000 ረድፍ 480 ሴኮንድ፤ ማለት 8 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ግምት በሥራው መጀመሪያ ላይ እጅግ ስለሚዋዥቅ፤ ከመቶ ጥቂት እጅ እስኪፈጸም ድረስ ባይነገር መልካም ነው።

8ኛ፤ ቃሉን በአማርኛ ስለ መጻፍ

ቃሉ የሚነገረው ለአገራችን ጸሓፊ እስከ ሆነ ድረስ በአማርኛ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ይህን የሞከሩ ሰዎች አንድ እንቅፋት ያገኛሉ። የቪ ቢ ኤ መጻፊያ ገጽ ዩኒኮድ የሚባለውን የዓለም ፊደላት ሥርዓት ስለማይቀበል፤ በትእዛዙ ውስጥ አማርኛ ቢጻፍ ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3ኛው እትም ነው፤ የመጻፊያው ገጽ ግን በአሮጌው ሥርዓት ቀረ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የአማርኛው ቃል በትእዛዙ ውስጥ አይጻፍ፤ በሠንጠረዡ አንድ ገጽ ላይ በሕዋስ ውስጥ ይጻፍና ማክሮው ከዚያ እያነበበ ወደ ስታተስ ባር ይላከው። የሠንጠረዡ ገጽም ስታተስ ባሩም የግእዝን ፊደል ይቀበላሉና ቃሉ ሳይበላሽ ይታያል። ይህም ሌላ ጥቅም አለው፤ ቃሉን ማረም የፈለገ ሹም ማክሮውን ሳይነካ በሕዋሱ ውስጥ ሊያርመው ይችላል። አንድ ፊደል ብቻ ለሚሻም «ሲ ኤች አር ደብልዩ» በሚባለው ትእዛዝ በቍጥሩ መጥራት ይቻላል፤ የሀ ቍጥር 4608፤ የአ ቍጥር 4768 ነው። በዩዘርፎርም ውስጥ ያለው ሌብልም ከሕዋስ የተነበበውን አማርኛ ያሳያል። ሜሴጅ ቦክስ ግን በአሮጌው ሥርዓት የሚሠራ ነውና አማርኛ ቢላክለት የጥያቄ ምልክት ብቻ ያወጣል።

9ኛ፤ ስለ መልካም አፈጻጸም

ማክሮ ሥራውን ሲጀምር የዘጋውን ሁሉ ሲጨርስ መክፈት አለበት፤ ስታተስ ባሩን መመለስ፤ የመስኮቱን ሥዕል መክፈት፤ ስሌቱን በእጅ አድርጎት የነበረ እንደ ሆነ በራሱ ወደሚያሰላው መመለስ። ይህም የሚደረገው በደኅና በተፈጸመ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፤ ከመካከል ስሕተት ባገኘውም ጊዜ ነው። ስለዚህ «ኦን ኤረር ጎ ቱ» በሚለው ትእዛዝ መልካሙም ክፉውም መንገድ ወደ አንድ የመዝጊያ ስፍራ እንዲመጣ ይደረግ።

ጠባቂው ሥራውን ማቋረጥ የፈለገ እንደ ሆነም የኮምፒዩተሩን ማጥፊያ ከሚጫን ይልቅ የተሰናዳ በር ይሰጠው። «ኢነብል ካንስል ኪ» በሚባለው ትእዛዝ፤ ኢስኬፕ የሚባለው ቍልፍ ሲጫን ማክሮው እንደ ስሕተት ቈጥሮ ወደ መዝጊያው ስፍራ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ቍጥሩም ስሕተት 18 ነው። በዚያም ስፍራ እስከ ስንተኛው ቀበሌ እንደ ደረሰ ተመዝግቦ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያ ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጽፍም።

ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ማክሮ በገጽ ላይ የለወጠውን ነገር የኤክሴል የመመለሻ ትእዛዝ ሊመልሰው ስለማይችል ነው። ሰው በእጁ የጻፈውን ሊሰርዝ ይችላል፤ ማክሮ የጻፈው ግን እንደ ተተኰሰ ጥይት ነው። ስለዚህ ከመጀመር አስቀድሞ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

10ኛ፤ ሹሙ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ሹም ማክሮ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ወፍጮ ያለው ሰው ድንጋይ መውቀር አይጠበቅበትምና። ሆኖም ወፍጮው በደኅና መሠራቱን ጠይቆ መረከብ የባለቤቱ ፈንታ ነው። አዲስ ማክሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ በመጣ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1. ሥራው ከ10 ሴኮንድ በላይ የሚቈይ እንደ ሆነ ምን እንደሚሠራ፤ ስንቱ ከስንት እንደ ተፈጸመ ይናገራልን?

2. የሚናገረው ቃል ጸሓፊው በሚያውቀው ቋንቋና ፊደል ነውን?

3. የሚያሳየው ቍጥር በሥራው ልክ ነው ወይስ ለማስደሰት ብቻ ነው?

4. ጸሓፊው ማቋረጥ ቢፈልግ ያለ ጕዳት የሚያቋርጥበት መንገድ አለን?

5. ተቋርጦ እንደ ገና ቢጀመር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እንዳይጽፍ ተከልክሏልን?

6. በመጨረሻ የስንት ቀበሌ ስንት ረድፍ እንደ ተጻፈ ይናገራልን? ይህም ቍጥር ከቀበሌዎቹ ድምር ጋራ ተመሳክሯልን?

ለነዚህ ለስድስቱ ጥያቄዎች መልካም መልስ የሌለው ማክሮ፤ ምንም ፈጣን ቢሆን፤ የሕዝብ መዝገብ ሊሰጠው አይገባም። ስድስተኛው ጥያቄ ብቻ እንኳ ቢጠየቅ፤ ከላይ በተነገረው ወረዳ 63,000 ተብሎ የተጻፈው ከ48,000 ጋራ አለመስማማቱ በዚያው ቀን በታወቀ ነበር።

ትዕግሥት የሠራተኛ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት የሚጸናው የሚጠብቁት ነገር ሲታይ ነው። ጸሓፊዎቹ ታጋሾች እንዲሆኑ የሚሻ ሹም፤ የሚጠብቁትን ሥራ እንዲያዩት ያድርግ። በስታተስ ባር ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በመስኮቱ ግርጌ «ከ32 ቀበሌ 10ሩ ተፈጽሟል» የምትለው ያች ቃል፤ የ33,000 ገበሬዎች ስም ከመዝገብ እንዳይጐድል የምትጠብቅ ዘበኛ ናት።